«በአይጥ ላይ ተሞክሯል»

ባለፈው ሰሞን አክስቴ ከአዲ አርቃይ አንድ ማስታወቂያ በስልክ ላከችልኝ። ከሥሩ የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ አንተ የተማርከው ነገር ስለሆነ እስኪ እየው። ለጎረቤት ልጅ ነው።»

ማስታወቂያው ላይ አረንጓዴ ክዳን ያለው ጠርሙስ አለ። «የበሽታ መከላከል አቅምን ይገነባል፣ ሲዲ ፎርን ከፍ ያደርጋል፣ በእንስሳት ላይ ተሞክሮ ውጤታማነቱ ተረጋግጧል» ይላል። ስልክ ቁጥር አለው፤ ዋጋ ግን አልተጻፈበትም። ዋጋው የሚነገረው ሲደወል ነው።

ቶሎ አልመለስኩላትም። «በእንስሳት ላይ ተሞክሮ» የሚለው ሐረግ ለብዙ ሰው የማስታወቂያ ማሳመሪያ ነው፤ አንብቦ ያልፈዋል። በእኛ ቤት ግን ታሪክ አለው። አንድ ጊዜ ይህንኑ ቃል እኔ ራሴ ለአንድ ሰው ተናግሬዋለሁ። የነገርኩት ሰው ዛሬ የለም።

አዲ አርቃይን ለማታውቁ፦ ከጎንደር ተነስታችሁ ዳባትንና ደባርቅን ካለፋችሁ በኋላ ሊማሊሞን ትወርዳላችሁ። ዛሪማን አልፋችሁ የምታገኟት የቆላ ከተማ እሷ ናት። መንገዱ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ ይቀጥላል። መኪና ያድርባታል፣ ወታደር ያልፍባታል፣ ነጋዴ ይመላለስባታል። ኤች አይ ቪ ደግሞ መንገድ ይወዳል።

አያ የእናቴና የአክስቴ ታናሽ ወንድም ነበር። በጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ብዙ ዓመት ሠርቷል። በ1999 ዓ.ም. ታሞ ተመረመረና ቫይረሱ እንዳለበት ታወቀ። መድኃኒቱ በሀገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ስለነበር፣ ጥቂት ዓመት ቀድመው ከታመሙት ጓደኞቹ ይልቅ ዕድለኛ ነበር። በየወሩ ሊማሊሞን እየወጣ ደጋ ላይ ካለ ጤና ተቋም ኪኒኑን ያመጣል። በዓመቱ ሥጋ ለበሰ፣ ሳቁ ተመለሰ። ሲዲ ፎሩ ከ90 ተነስቶ 240 ገባ። ሲዲ ፎር የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሰውነታችን መከላከያ አዛዦች ናቸው፤ ቫይረሱም ነጥሎ የሚያጠቃው እነሱን ነው።

በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ አንድ የባህል ሐኪም ነኝ የሚል ሰው ወደ ከተማው መጣ። አነጋገሩ ይማርካል። «ኪኒኑ ቫይረሱን ያስተኛዋል እንጂ አቅም አይገነባም፤ የኔ መድኃኒት ግን ወታደሩን ነው የሚያበዛው» ይል ነበር። በላስቲክ የታሸገ ባለ ሁለት ገጽ ወረቀትም ያሳያል። እኔ ያን ጊዜ የባዮሎጂ ተማሪ ነበርኩ፤ ለዕረፍት መጥቻለሁ። አያ ወረቀቱን ይዞ መጣ።

«እስኪ ይህን አንብብልኝ። እውነት ነው ወይስ ሊበላኝ ነው?»

አነበብኩት። ሠንጠረዥ አለው። ጭማቂውን የወሰዱት አይጦች ነጭ የደም ሴላቸው ካልወሰዱት ይልቅ ጨምሯል ይላል። ሠንጠረዥ ማንበብ በመቻሌ ኩራት ተሰማኝ። እናቴም አክስቴም እያዩኝ ነው። «አያ፣ በአይጥ ላይ ተሞክሯል። ሳይንስ ነው» አልኩት።

ለጥቂት ወራት ኪኒኑንም ጠርሙሱንም አብሮ ወሰደ። ቀጥሎ ሲለካ ሲዲ ፎሩ 290 ሆነ። ምስጋናው በሙሉ ለጠርሙሱ ሄደ። ሊማሊሞን መውጣት የትራንስፖርት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሰልፍ ላይ መታየትም ነበረበት፤ ኪኒኑም ሆዱን ይረብሸው ነበር። ወታደሩ ከበዛ ኪኒኑ ምን ያደርጋል አለና ተወው። በሰኔ 2001 ዓ.ም. ራሱን አሞኛል ብሎ በተኛ በሦስተኛው ሳምንት ቀበርነው።

ማንም «አንተ ነህ» አላለኝም። እኔ ግን ያን ዓረፍተ ነገር ይዤው ኖርኩ።

ከዓመታት በኋላ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ የአይጥ ቤት ገባሁ። በአዲስ አበባም በጎንደርም ዩኒቨርሲቲ የባህል መድኃኒት ዕፅዋት ለወባ ይሠሩ እንደሆነ የሚፈተነው በዚህ መንገድ ነው። ፕላስሞዲየም በርጌይ የሚባል የአይጥ ወባ አለ። በመጀመሪያው ቀን አይጦቹን በወባው እንለክፋቸዋለን። ለአንዱ ቡድን የዕፁን ጭማቂ፣ ለሌላው ክሎሮኪን፣ ለሦስተኛው ባዶ ማሟሟቻ እንሰጣለን። አራት ቀን ከሰጠን በኋላ ከጭራቸው ጠብታ ደም ወስደን ተውሳኩን በማይክሮስኮፕ እንቆጥራለን። ይህ ሙከራ ትርጉም የሚኖረው በአንድ ምክንያት ነው፦ አይጧን በእርግጥ ወባ ይዟታል። ያለ መድኃኒት ትሞታለች። ስለዚህ ብትተርፍ ወይም ተውሳኳ ቢቀንስ አንድ ነገር ተማርን ማለት ነው።

አንድ ቀን ማታ ደም እየቆጠርኩ የአያ ወረቀት ትዝ አለኝ። የዚያ ወረቀት አይጦች ጤነኞች ነበሩ። ኤች አይ ቪ አልነበረባቸውም፤ ሊይዛቸውም አይችልም። ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባው በሰው ሴል ላይ ያሉ በሮችን ተጠቅሞ ነው። የተራ አይጥ በር ለሱ አይከፈትም። እንግዲህ ወረቀቱ የሚለው ጤነኛ አይጥ አንድ ጭማቂ ጠጥታ ነጭ የደም ሴሏ መጨመሩን ብቻ ነው። ነጭ የደም ሴል ደግሞ ቁስል ሲያመረቅዝም ይጨምራል፤ መርዝ ሰውነትን ሲያስቆጣም ሊጨምር ይችላል። ወረቀቱ ላይ ውሸት አልነበረም ይሆናል። ለአያ ግን አንድም ነገር አልነገረውም። እኔ ነኝ የነገረው ያስመሰልኩት።

ታዲያ የሰውነትን መከላከያ የሚያስተካክል መድኃኒት ለዚህ በሽታ በምን እንስሳ ይፈተናል? ሳይንቲስቶች ሦስት ዋና መንገድ አግኝተዋል። አንደኛው የራሷ መከላከያ የሌላት አይጥ ወስዶ የሰው የመከላከያ ሴሎችን መትከል ነው፤ የመጀመሪያዎቹ እንዲህ ያሉ አይጦች እ.ኤ.አ. በ1988 ተሠሩ። ሁለተኛው ድመት ናት። እ.ኤ.አ. በ1986 ካሊፎርኒያ ውስጥ የድመቶችን የመከላከል አቅም የሚያዳክም፣ የኤች አይ ቪ የሩቅ ዘመድ የሆነ ቫይረስ ተገኝቷል። ሦስተኛውና ዋነኛው የእስያ ጦጣ ነው፤ ማካክ ይባላል። የአፍሪካ ጦጣዎች የሚሸከሙት ኤስ አይ ቪ የተባለ ቫይረስ ወደ ማካክ ሲገባ እንደ ሰው ኤድስ ያመጣበታል።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ሠፈሬ ተመለሰ። ሰሜን ተራራን የጎበኙ ሰዎች የሚያውቁት ደጋ ላይ ሣር የሚግጠውን ጭላዳ ነው። እኛ ቆላ ላይ የምናውቀው ደግሞ ማሽላ የሚዘርፈውን ጦጣ ነው። በልጅነቴ ማማ ላይ ቁጭ ብዬ በወንጭፍ ሳባርረው ውያለሁ። የዚሁ ጦጣ ዘሮች አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥም ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ስለነሱ ያሳተሙት ጥናት ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ አብረው ተሳትፈዋል። አዎ፣ በተቃዋሚ ፖለቲካ የምታውቋቸው እሳቸው ናቸው። የጦጣዎቹ ደም ሲመረመር ኤስ አይ ቪ ተገኘ፤ ለአካለ መጠን በደረሱት ሴቶች ላይ በብዛት፣ በግልገሎቹ ላይ እምብዛም። ስለዚህ በዱርም እንደ ሰው በግንኙነት ይተላለፋል አሉ።

ጦጣዎቹ ግን ኤድስ አይዛቸውም። ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ በብዛት እየተራባ ዕድሜያቸውን ይኖራሉ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ የጠርሙሱ ሻጭ ሐሳብ ነበር፦ መከላከያቸው ከኛ የጠነከረ ነው ማለት ነው። ጥናቶቹ ያሳዩት ግን ተቃራኒውን ነው። ቫይረሱ ሲገባ የጦጣው መከላከያ እንደ ማካኩ ይቆጣል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የጦጣው ይረጋጋል፤ የማካኩና የሰው ግን አይረጋጋም። ዓመት ሙሉ እንደተቆጣ ይኖራል። የአንጀት ግድግዳ ይጎዳል፣ ከአንጀት የሚሾልኩ የባክቴሪያ ቅንጣቶች ቁጣውን ያባብሱታል፣ ሲዲ ፎሮቹም በቫይረሱ ብቻ ሳይሆን በዚህ ማብቂያ የሌለው ቁጣ ያልቃሉ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ እኛ አካባቢ ሲገባ የነበረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከተማ የሚፈርሰው በጠላት ብቻ አይደለም፤ ተኩስ ሳይቆም ሲቀርም ይፈርሳል።

እንግዲህ «አቅም ይገነባል» የሚለው ቃል ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። የቱን አቅም? መቼ? እስከ መቼ?

ይህን በማካክ ላይ በቀጥታ የፈተኑት አሉ። ኢንተርፌሮን የሚባል ንጥረ ነገር ሰውነታችን ቫይረስ ሲገባበት የሚያሰማው የማንቂያ ደወል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ሙከራ ለማካኮች ኢንተርፌሮን ተሰጣቸው። መጀመሪያ ላይ ጠቀማቸው፤ ቫይረሱ በቀላሉ አልያዛቸውም። መርፌው ሲቀጥል ግን ሰውነታቸው ደወሉን ለመደው። በመጨረሻ በሰውነታቸው የተደበቀው ቫይረስ በዛ፣ ሲዲ ፎራቸውም ካልተሰጣቸው ይልቅ ፈጥኖ አለቀ። በሌላ በኩል ደወሉን ገና በመጀመሪያው የዘጉባቸው ማካኮችም በሽታው ፈጠነባቸው። ያው መድኃኒት በአንዱ ሳምንት ጋሻ፣ በሌላው ሳምንት ጉዳት ሆነ ማለት ነው።

ትክክለኛው እንስሳ ተመርጦም ቢሆን አንድ ሙከራ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2016 የመከላከያ ሴሎች ወደ አንጀት የሚሄዱበትን መንገድ የሚዘጋ ፀረ-አካል ለማካኮች ተሰጥቶ፣ የፀረ ቫይረስ መድኃኒታቸው ከቆመ በኋላም ቫይረሱ ሳይነሳ ቆየ ተባለ። ዓለም በተስፋ ተሞላ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሌሎች ቡድኖች ያንኑ ሙከራ በማካኮች ሲደግሙት አልሠራም። በሰዎች ላይ የተደረገውም ሙከራ ተስፋውን አላረጋገጠም። አንዱ ቡድን የሠራውን ሌላው እንዲደግመው የሚያደርገው ሥርዓት ባይኖር ኖሮ እስከ ዛሬ ይሸጥ ነበር።

አንዱ ጥናት ግን ከሁሉ በላይ እንቅልፍ ነሳኝ። ኢንተርሉኪን-2 የሚባል፣ ሲዲ ፎርን በእርግጥ የሚያበዛ መድኃኒት አለ። ኤች አይ ቪ ያለባቸው ከ5 ሺሕ 800 በላይ ሰዎች በተለያዩ ሀገራት በሁለት ትልልቅ ጥናቶች ተሳተፉ። ሁሉም የፀረ ቫይረስ ኪኒናቸውን ይወስዳሉ፤ ግማሾቹ ኢንተርሉኪን-2 ተጨመረላቸው። ለዓመታት ተከታተሏቸው። ሲዲ ፎራቸው ጨመረ። ሕመማቸውና ሞታቸው ግን ካልወሰዱት አልቀነሰም። ቁጥሩ ወጣ፤ ሕይወት አልተረፈበትም። ውጤቱ የታተመው በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ነው፤ አያ በሞተ በአራተኛው ወር። ሻጩ «ወታደሩን አበዛለሁ» ሲል እውነቱን ቢሆን እንኳ ያ ብቻውን አያን አያድነውም ነበር።

ይህን የምጽፈው የባህል መድኃኒትን ለመናቅ አይደለም። ያው መንገድ ከአዲ አርቃይ ሽሬን፣ አክሱምን አልፎ አድዋ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ስለሆነ ትክክለኛው እንስሳ እዚያው ወንዝ ውስጥ ነበር። ያም ሆኖ የእንዶድ ደኅንነት በሀገር ውስጥ የተፈተነው አይበቃም፣ ዕውቅና ባለው ላቦራቶሪ ይደገም ተብሎ ሥራው ለብዙ ዓመት ተጓተተ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶ/ር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲያገኙ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር። መጓተቱ ያስቆጣል። ከዚያ ቁጣ የምንማረው ግን ፈተናውን መዝለልን ሳይሆን ፈተናውን እዚሁ መሥራት የሚችል ቤት ማቋቋምን ነው።

ዕፅዋታችን በኤች አይ ቪ ላይም ተሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ካሌብ አስረስ ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ከክትክታ የተገኘ ጭማቂ ላቦራቶሪ ውስጥ በሴሎች ላይ ቫይረሱን ሲገታ ታይቷል። ይህ ተስፋ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ተስፋ ነው። ከዚያ እስከ ሰው ያለው መንገድ ሊማሊሞን ከመውጣት ይረዝማል፤ ከማርቼዲ ወደ ማርቼዲ ሳይለፉ ዘሎ ጫፍ ላይ መገኘት የለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ መንግሥት የባህል መድኃኒት ተገኘ፣ ወደ እንስሳትና ወደ ሰው ሙከራ እየተሸጋገረ ነው ብሎ ሲያውጅ ብዙዎቻችን አጨብጭበናል። ደረጃው ገና መጀመሩን የተነገረን ሰዎች የሰማነው መጨረሱን ነበር።

ለምን አሁን ትሉኝ ይሆናል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታን ለ90 ቀናት ሲያቆም በዚያ ገንዘብ ይቀጠሩ የነበሩ የጤና ባለሙያዎቻችን ውላቸው ተቋረጠ። ኪኒኑን የሚያስታውስ፣ የቀረውን የሚፈልግ፣ የፈራውን የሚያጽናና ሰው ሲጎድል ባዶው ቦታ ባዶ ሆኖ አይቀርም። አረንጓዴ ክዳን ያለው ጠርሙስ ይገባበታል። የሚመጣውም «ኪኒንህን ጣል» እያለ አይደለም። «አቅምህን ልገንባልህ» እያለ ነው። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒቱ አይጣሉም፣ ሁለቱንም ውሰዱ ሲሉ የብዙ ሰው ነፍስ ያተረፈ ቃል ተናግረዋል ብዬ አምናለሁ። ለጠርሙሱም ቢያንስ ይኸው ቃል ይድረሰው፦ ምንም ብትወስዱ ኪኒኑን አታቋርጡ፤ የምትወስዱትንም ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ ከኪኒኑ ጋር የሚጋጭ ዕፅ አለና።

«በእንስሳት ላይ ተሞክሯል» ሲሏችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። የመጀመሪያው፦ እንስሳው በሽታው ነበረበት ወይ? ጤነኛ አይጥ ስለ ኤች አይ ቪ አትመሰክርም። ሁለተኛው፦ የተለካው ምንድን ነው? ቁጥር ነው ወይስ የቫይረሱ መቀነስና የእንስሳው በሕይወት መቆየት? ሦስተኛው፦ ሻጩ ያልሆነ ሌላ ሰው ደግሞታል ወይ? እነዚህን ለመጠየቅ ዲግሪ አያስፈልግም። እኔ ዲግሪዬን እየተማርኩ አልጠየቅኳቸውም።

በሦስተኛው ቀን ለአክስቴ በድምፅ መለስኩላት። ልጁ ኪኒኑን እንዳያቆም፣ የቫይረሱ መጠን እንዲለካለት እንዲጠይቅ፣ ለጠርሙሱ የሚያወጣውን ገንዘብ እንዲበላበት አልኳት። ከዚያ ይህን ሁሉ ዓመት ያልነገርኳትን ነገርኳት። «አክስቴ፣ ያኔ አያን ሳይንስ ነው ያልኩት እኔ ነበርኩ። ሳላውቅ ነው የመሰከርኩት።»

መልሷ ማታ መጣ። ከኋላዋ የረከቦት ኳኳታ ይሰማል።

«አውቃለሁ ልጄ። ያን ቀን ቡናውን የቀዳሁላችሁ እኔ አይደለሁ? ለዚህ ነው ለሌላ ሳልልክ ለአንተ የላክሁት። አንተ ሁለተኛ አትሳሳትም ብዬ ነው።»

ልጁ ኪኒኑን እየወሰደ ነው። ቸር ያሰማን።